መኪናችሁ መቼ ነው የሚሞቀው?

አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ አካባቢ ለሚኒባስ፣ ለአይሱዙና ለአሮጌ አውቶሞቢል ባለቤቶች፣ ሾፌሮችና ረዳቶች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ሥራ አቁማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ። ማይኩ ስለሚጮህ ትቼዋለሁ፤ የማይሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

ጋራዥ የሚመጣ ሰው "ሞተሬ ይሞቃል" ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ "ቴርሞስታቱን አውጣልኝ" ይላል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ ማለቱ ነው። ወይም "ራዲያተር ልቀይር?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ጎረቤቱ የነገረውን ዕቃ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በፌስታል ይዞ ይመጣል። እኔ ግን ዕቃ ከማየቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መቼ ነው የሚሞቀው? ቆሞ ነው? ዳገት ላይ ነው? ገና ከግቢ ሳይወጣ ነው? ይህን የሚመልስልኝ ሾፌር ግማሹን ሥራ ጨርሶልኛል። የማይመልስ ደግሞ ዕቃ ሲቀያይር ይከርማል።

ነገሩ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ያሳስባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት ዲኤክስ፣ ኮሮላና ዶልፊን ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። አንድ ቀን በደንብ የፈላ ሞተር ግን እንደ ድሮው አይሆንም።

በመጀመሪያ ስላለንበት ቦታ ላውራ። መካኒኮች እንኳ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነው። አዲስ አበባ በአቃቂ በኩል ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ጋ በ92 ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ ወደ 90 ይወርዳል።

አሁን ሞተሩን እዩት። ቴርሞስታቱ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ጤነኛ ሞተር ከ85 እስከ 95 ባለው ሙቀት ይሠራል። ስለዚህ ምንም ያልታመመ ሞተር በሚሠራበት ሙቀት፣ እዚህ አገር ክፍት ውሃ ይፈላል። ታዲያ ራዲያተራችሁ ውስጥ ያለው ውሃ ለምን አይፈላም? ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

የራዲያተር ክዳን አናት ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ክዳኑ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ባለ 0.9 ክዳን ደህና ከሆነ እዚህ ከፍታ ላይ ንጹሕ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ከላላ ግን ያ ሃያ ምናምን ዲግሪ በሙሉ ጠፋ። ምጽዋ ላይ ያለ ሾፌር ክዳኑ ቢበላሽበት እስከ 100 ድረስ ፋታ አለው። ካራ ላይ ያለ ሾፌር ፋታ የለውም። ባሕር ጠረፍ ላይ ሆኖ ቪዲዮ የሚሠራ መካኒክ ክዳንን መጨረሻ ላይ ቢጠቅሳት አይገርመኝም። እኔ ግን መጀመሪያ የማያት እሷን ነው። ከርካሾቹ ዕቃዎችም አንዷ ናት።

እንዴት ትፈተሻለች? ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱና የውስጡን ላስቲክ እዩ። ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ አበቃ። መሀሏ ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ በጥፍራችሁ ስትስቧት ተከፍታ መመለስ አለባት። ይቺ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ፕላስቲክ ውሃ መልሳ ታስገባለች። ከተጣበቀች ጠዋት የላይኛው ቱቦ ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። ፕላስቲኩ ውሃ እየሞላ ራዲያተሩ ከጎደለም ነገሩ ያው ነው። ክዳን ስር ፌስታል የምታደርጉ አላችሁ። አትሳቁ፣ አይቻለሁ። ፌስታል ቫልቩን ይደፍነዋል፤ ግፊቱም መውጫ ሲያጣ ደካማውን ቱቦ ፈልጎ ያፈነዳል። 0.9 የነበረውን "ይጠንክር" ብሎ በ1.1 መቀየርም አሮጌ ራዲያተር ያስቀድዳል። ቁጥሩ ይመሳሰል፣ በቃ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ቆሞ የሚሞቅ መኪና አለ። መገናኛ ተሰልፎ መርፌው ሽቅብ ይወጣል፣ መንገዱ ሲለቀቅለት ይወርዳል። ይሄ የፋን ጉዳይ ነው ብላችሁ ጀምሩ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን እያለፈ ያቀዘቅዛል፤ ሲቆም ግን ከፋኑ በቀር አየር የሚስብ የለም። ኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን (ለፋኑ መብራት የሚሰጠውን ማብሪያ) እዩ። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ የፋኑን ሴንሰር ሶኬት ስትነቅሉ ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ ፋኑም ሪሌውም ጤነኛ ናቸው፣ ሴንሰሩን ቀይሩ። ፋኑን ዳይሬክት አድርጎ፣ ማለትም ሁልጊዜ እንዲዞር በቀጥታ አያይዞ መሄድ ለአንድ ሳምንት ነውር የለውም። ችግሩ ሳምንቱ ዓመት ይሆናል፤ ያኔ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ መሞቅ ያቅተዋል።

በቺንጋ (ሞተሩ በሚያዞረው ቀበቶ) የሚዞር ፋን ከሆነ መሀሉ ላይ ሲሞቅ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝ ክላች አለው። ሞተሩ ግሎ ሳለ አጥፉት፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ፋኑን በእጅ ግፉት። ልቅ ሆኖ ዝም ብሎ ከዞረ ውስጡ ያለው ሲሊኮን ዘይት አልቋል። ብሎን መትቶ ማሰር የተለመደ ነው፤ ይሠራልም። ግን ፋኑ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ነዳጅም ይበላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። በፋኑ ዙሪያ የነበረው የፕላስቲክ መከለያ የት ሄደ? ግጭት ደርሶበት የተሠራ መኪና ሁሉ ያጣዋል። ያለ እሱ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ በኩል አይስብም፣ ከጎን የቀረበለትን ሞቃት አየር ያዞራል። አሮጌም ቢሆን ፈልጋችሁ መልሱት።

ሁለተኛው ዳገት ላይ የሚሞቀው ነው። እናንተ ስለዚህኛው ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከኮተቤ ወደ ካራ ስትወጡ፣ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ፣ ኮፈን ከፍተው ዳር የቆሙትን አይታችኋል። ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ደግሞ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው አልነግረውም። እዚህ ላይ ከፋኑ አትጀምሩ። ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ራዲያተሩ ከሚያወጣው በልጧል። አየሩ ራሱ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ራዲያተሩ ድሮም በጠባቡ ነው የሚሠራው። ትንሽ ከተደፈነ አይችልም።

ከውጭ ጀምሩ። በጋ አቧራና ገለባ፣ ክረምት ጭቃ፣ ከዚያ በላይ የግንባታው ሲሚንቶ። የዳር ከተማ መኪና ራዲያተር ከመሀል ከተማው ቶሎ ይደፈናል። ላቫጆ ወስዳችሁ ከፊት በኃይለኛ ግፊት አታስመቱት። ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ ይታጠፋሉ፣ አቧራውም ወደ ውስጥ ይገባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀላል ውሃ።

ቀጥሎ ውስጡ። መኪናውን ነድታችሁ ስትመለሱ ሞተሩን አጥፉና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ ራዲያተሩ ፊት አስጠግታችሁ ሙቀቱን ስሙ። ኤሌክትሪክ ፋን ያለው ከሆነ ሽቦውን ንቀሉ፤ ሞተር ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል፣ ጣት ይቆርጣል። ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሀል ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል። የድሮው የነሐስ ራዲያተር ተከፍቶ በዘንግ ይጠረጋል፤ የዚህ ሙያ ሰዎች አሁንም አሉን። አናቱ ፕላስቲክ የሆነው ግን እንዲያ አይደለም፣ መቀየር ነው።

የታችኛውን ቱቦም እዩ። አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠ እናንተ ተመልከቱ። ቱቦው እየተጣበቀ ከሆነ ፓምፑ ውሃ ሲስብ እየተዘጋበት ነው። ፓምፑ ራሱ ሥሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማኅተሙ ሄዷል። ሳይንጠባጠብም ክንፎቹ በዝገት ተበልተው ሊሆን ይችላል። ይህ ካልተፈታ አይታይም።

አዲስ ራዲያተር ገዝቶም የሚሞቅበት ሰው አለ። ጥፋቱ ራዲያተሩ ጋ ስላልነበረ ነው። ማቀጣጠያው ዘግይቶ የታሰረ ቤንዚን ሞተር ይሞቃል። ፍሬኑ የያዘ መኪና ሞተሩ ሁለት መኪና እየጎተተ ነው። ፍሪሲዮኑ (የማርሹ ክላች) የሚንሸራተትም እንደዚያው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የታፈነም። ከመንገድ ስትመጡ አራቱንም ቸርኬ ዳብሱ፤ አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ መልሱ እዚያ ነው።

አነዳድም አለ። በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ እያቃሰተ ከምትወጡ ወደ ሦስተኛ አውርዱ። ዙሩ ሲጨምር ፓምፑም በቺንጋ የሚዞረው ፋንም ይፈጥናሉ። "ዙር ይበዛል፣ ይሞቃል" የሚለው ወሬ ዳገት ላይ የተገላቢጦሽ ነው።

ሦስተኛው ገና እንደተነሳ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞቀው ነው። ይሄ ያስፈራል። ግን ወዲያው ቴስታታ (የሞተሩን አናት) አትክፈቱ። ቅርብ ጊዜ ውሃ ተቀይሮለት ከሆነ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ሃይስ ሚኒባስ ሞተሩ ከወንበር ስር ስለሆነ አየር ማስወጣት አስቸጋሪ ነው። አፍንጫውን ወደ ዳገት አቁሙት። ካራ ላይ ዳገት አይጠፋም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ አድርጉ፣ አስነሱና አረፋው እስኪያልቅ ውሃ ጨምሩ።

አረፋው ካላለቀስ? ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የሚጨምር ከሆነ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። በቴስታታውና በሞተሩ መሀል ያለው ጋስኬት ሄዷል፣ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ሌላም ምልክት አለ። ክዳኑን ዘግታችሁ በቀዝቃዛ ሞተር አስነሱ፤ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ከጠነከረ የሙቀት ግፊት አይደለም፣ የፒስተን ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመ ያው ነው። የዘይት መለኪያውን ስትስቡ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ሞተሩን አታስነሱት፣ አስጎትቱት። የዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ ትንሽ ክሬም ካያችሁ ግን አትደንግጡ። በብርድ ጠዋት አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ይታያል።

ጋስኬት ሲቀየር ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ይታይ። አሉሚኒየም አንዴ ሲፈላ ይጣመማል። ጋስኬት ብቻ ቀይሮ የመለሰ መካኒክ ሥራውን ሁለቴ ሊሠራ ተዘጋጅቷል፤ ገንዘቡ ግን የእናንተ ነው። ብሎኖቹ ከመሀል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በቶርክ ሬንች ይጠብቁ። "እጄ ይለካል" የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ቴርሞስታቱን ረሳሁት ብላችሁ ይሆናል። አልረሳሁትም። ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። "አገራችን ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም" ይባላል። ካራ ሙቅ ናት? በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሱሉልታ ላይ ውርጭ ይጥላል። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ከዚያ የባሰው በብዙ ቶዮታዎች ላይ ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከታች ባለች ሳህን አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው የተወሰነው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ እንዳይሞቅ ብላችሁ ያወጣችሁት ዳገት ላይ ያሞቃችኋል።

ድስት ውስጥ ስለመፈተሽም ልናገር። ውሃ አፍልታችሁ ቴርሞስታቱን በክር ታንጠለጥላላችሁ። መክፈት ሲጀምር ታዩታላችሁ፤ ግን በደንብ አይከፈትም። "ተበላሽቷል" ተብሎ ይጣላል። ቆይ! ባለ 82ቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእኛ ድስት ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ይቆማል፣ እሳት ብትጨምሩም አያልፍም። ስለዚህ እዚህ አገር ድስት ውስጥ ግማሽ የተከፈተ ቴርሞስታት ጤነኛ ነው። የሚጣለው ጭራሽ ያልተነቃነቀው ነው። ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክፍት ሆኖ የቀረው።

ስለ ውሃ ባጭሩ። የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ሲሞቅ ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ወይም በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጨምሩበት፣ ግማሽ በግማሽ። ለበረዶ ብቻ የሚመስለው አለ። ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ዝገት መከላከሉ ነው፤ የመፍያውንም ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ያሳድጋል። ቀለም የተጨመረበት ውሃ ብቻ የሚሸጥም አለ። እውነተኛው በጣት መሀል ሲታሽ ያሟልጫል። በምላስ ግን አትሞክሩት። ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው። ሕፃናትና ውሾች የሚደርሱበት ቦታ አታፍስሱ።

መርፌውንም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው። ውሃው ካለቀ በእንፋሎት ወይም በአየር ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሲሞቅ የነበረ መኪና ድንገት መርፌው ወደ ቀዝቃዛ ከወረደና ከማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ደስ አይበላችሁ። ወዲያው አቁሙ።

መንገድ ላይ ሲሞቅ ምን ይደረግ? መርፌው ገና እየወጣ ከሆነ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮት አውርዱ። ተሳፋሪ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። እንፋሎት ከወጣ ግን ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ከዚያ ትዕግሥት ነው። ረዳቱ ሃይላንድ ይዞ ሮጦ ክዳኑን እንዳይነካ። ውስጡ ያለው ውሃ 105 ወይም 110 ዲግሪ ነው። ክዳኑ ሲከፈት መፍያው ወደ 92 ይወርዳል፣ ውሃውም በአንድ ጊዜ ፊት ላይ ይፈነዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛው ቱቦ በጨርቅ ሲጨበጥ ለስላሳ ካልሆነ ገና ነው። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ውስጥ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም። ቴስታታ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚያች ደቂቃ ነው።

አሁን ጥያቄ ካለ። አዎ፣ እትዬ።

"ቀዩና አረንጓዴው ኩላንት ይደባለቃል ወይ?" አይደባለቅም፣ እትዬ። ቀለሙ ሳይሆን ውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው የሚለያየው። አንዳንዱ ሲደባለቅ ዝቃጭ ይሠራል፣ ቀጭኑን ቱቦም ይደፍናል። የቀድሞውን ካላወቁት አስጠርገው በአንድ ዓይነት ያስሞሉት።

እርስዎስ፣ አባቴ? ቮልስ ነው? እንግዲህ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ እርስዎን አይመለከትም፣ ይቅርታ። የድሮው ቮልስ ውሃም ራዲያተርም የለውም። በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ በአየርና በዘይት። ፋኑ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ ይዞራል። ስለዚህ ቀዩ የቻርጅ መብራት ከበራ "ባትሪ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ" እንዳይሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣውም ቆሟል፤ ወዲያው ያቁሙ። የሞተሩ ቆርቆሮዎችና ዙሪያው ያለው ላስቲክ ሁሉም በቦታው ይኑር፤ ከጎደለ ፋኑ የጋለውን አየር መልሶ ይስባል። የዘይቱን መጠን በየጊዜው ይዩ። ትርፍ ቺንጋ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ፣ መፍቻም ጨምሩበት። ቁልፉ 21 ነው።